የወረቀት ስፌት መኪናዬ መርፌ መሃል ላይ እየቆመ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። በአራዳ በረንዳዎች ላይ የምናየውን የእግር ስፌት መኪና በካርቶን፣ በኮላና በስቴኪኒ ብቻ እየሠራሁ ነው። ፔዳሉ፣ ቀበቶውና ትልቁ መዘውር እንዴት ደስ ብሏቸው እንደሚዞሩ ብታዩ!

የቸገረኝ የመርፌው ዘንግ ነው። ክራንኩ፣ ማለትም የመርፌውን ዘንግ የሚገፋው ማገናኛ ክንድ የሚያያዝበት ነጥብ፣ ከመዘውሩ መሃል 1 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለተተከለ መርፌው 2 ሳንቲ ሜትር ሊመላለስ ይገባል። ነገር ግን ግማሽ መንገድ ላይ፣ ማገናኛው ክንድ እጅግ በሚያጋድልበት ቦታ፣ ዘንጉ ወደ ጎን ተገፍቶ ከሚንሸራተትበት የወረቀት ቱቦ ጋር ይነክሳል። በግድ ሳዞረው ደግሞ ስቴኪኒው የካርቶኑን ቀዳዳ ያሰፋዋል። የቱቦውን ውስጥ በእርሳስ ቀብቼ አለስልሼዋለሁ፤ ማጋደሉን ግን አላስቀረውም።

ክንዱን ላርዝመው ወይስ ቱቦውን? ሽቦና ፕላስቲክ ማስገባት አልፈልግም፤ የሰፈሬ ልጆች ከደብተር ሽፋን ሊሠሩት የሚችሉት እንዲሆን እመኛለሁ። የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ልኩን ንገሩኝ።