የድረ ገጻችን አዲስ ሰርቨር፦ ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናብስለው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲሱ ሰርቨር ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። ድረ ገጻችን እስካሁን በኤችቲቲፒ ነው የሚሠራው፤ ጥያቄው መረጃውን ወደሚመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ እንዴት እናሻግረው ነው። አባላት የሚሞሉት ፎርም፣ ስልክ ቁጥራቸው፣ የይለፍ ቃላቸው ሁሉ ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው፤ መሃል ላይ የገባ ሰው፣ ለምሳሌ እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መቀየርም ይችላል። ክሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ገጽ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው ብሎ ለጎብኚው ይናገራል። ሐሳባችሁን ጻፉ፣ እኔ አሰባስቤ ረቂቁን አወጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት፣ ማለትም ድረ ገጹ የኛ መሆኑን ለብሮውዘር የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ሰነድ፣ በየዓመቱ በገንዘብ መግዛት አለብን የሚሉ አሉ። የነፃው ምን ይጎድለዋል? በጀት ከመያዜ በፊት ልወቅ።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
በምስጠራው ጥንካሬ ምንም አይጎድለውም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ሰርተፍኬት ሰጪ በነፃ ይሰጣል፣ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮችም ያምኑታል። የሚከፈልበት አንዳንዱ የድርጅቱን ማንነት በሰነድ ያጣራል፤ ጎብኚው ግን ልዩነቱን ልብ አይለውም። ለኛ የሚያስፈልገው ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) በእጃችን መሆኑ መረጋገጡ ነው። ይሄን ሌትስ ኢንክሪፕት የሚያጣራው ወይ በፖርት 80 (ኤችቲቲፒ በሚገባበት የሰርቨሩ በር) በኩል ሰርቨራችን ላይ የተቀመጠ ፋይል ፈልጎ፣ ወይ ዲኤንኤስ (ዶሜይኑ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚናገረው ሥርዓት) ላይ ያስገባነውን መዝገብ አይቶ ነው። ስለዚህ ፖርት 80 ይዘጋ ያላችሁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተዉት። ክፍት ሆኖ የመጣውን ሁሉ ወደ 443፣ ወደ ኤችቲቲፒኤስ በር፣ ይላክ። ከነዚህ ሁለቱና ከኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት የምናስተዳድርበት መንገድ) በስተቀር ሌላውን በር ፋየርዎሉ፣ የሰርቨሩ መከላከያ፣ ይዝጋው።

አባል፦
አሮጌ ስልክ የያዙ አባላትስ? ተቆልፎባቸው እንዳይቀሩ።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤችቲቲፒኤስ የሚመሰጥርበት ደንብ ቲኤልኤስ ይባላል፤ ከስሪቶቹ 1.2 እና 1.3 ብቻ ይፈቀዱ ነው የምለው። 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ከአገልግሎት ውጪ ተብለዋል፣ ለነሱ ብለን በር አንከፍትም። ግን ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች የሌትስ ኢንክሪፕትን ዋና ሰርተፍኬት ስለማያውቁት ማስጠንቀቂያ ሊያወጡባቸው ይችላል። ከመወሰናችን በፊት የጉብኝት መዝገቡን አይተን ስንት እንደሆኑ እንወቅ። ብዙ ከሆኑ እነሱም የሚያውቁትን ሌላ ሰጪ እንፈልጋለን።

ሌላ አባል፦
ኤችኤስቲኤስ፣ ብሮውዘሩ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲመጣ የሚያዘው ትእዛዝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ለአንድ ዓመት ይከፈት። ግማሽ ሥራ አንሥራ።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
እህቴ፣ መጨረሻው እዚያ እንዲሆን እኔም እፈልጋለሁ፣ ጅማሬው ግን አይሁን። ብሮውዘር አንዴ ይሄን ትእዛዝ ከተቀበለ የተሰጠው ጊዜ እስኪያልፍ ባልተመሰጠረ መንገድ አልሄድም ይላል፤ የሆነ ነገር ቢበላሽ እንኳ ጎብኚው ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት አይችልም። በ300 ሰከንድ እንጀምር፣ ምስሎችና ስክሪፕቶች ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ እየመጡ መሆኑን እናረጋግጥ፣ ከዚያ ወደ 31536000 ሰከንድ ማለትም ወደ አንድ ዓመት እናሳድገው።

አሁን ዋናው ነገሬ። ሰርተፍኬት ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም በየቀኑ እያየ ማለቂያው ሲቃረብ ራሱ ያድሳል፣ ግን ፋይሉ ታድሶ ኤንጂንኤክስ (ገጾቹን ለጎብኚው የሚያቀርበው ፕሮግራም) ሪሎድ ካልተደረገ፣ ማለትም ፋይሎቹን እንደገና ካላነበበ፣ ሰርቨሩ አሮጌውን ማቅረቡን ይቀጥላል። ስለዚህ ከእድሳቱ ጋር ሪሎዱም አብሮ ይታሰር። ሌትስ ኢንክሪፕት ሊያልቅ ነው እያለ ይልክ የነበረውን ኢሜይል እ.ኤ.አ. በ2025 አቁሟል፣ ስለዚህ ከውጭ ሆኖ ቀኑን የሚቆጣጠር የራሳችን ማስጠንቀቂያ ያስፈልገናል። በእጅ እናድሳለን የሚል ካለ ደግሞ፣ የማንኛውም ሰርተፍኬት ዕድሜ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2029 ጀምሮ ከ47 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። በእጅ አይዘለቅም።

ሰብሳቢ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዶሜይኑ በማን ስም ነው ያለው? በአንድ ሰው የግል ኢሜይል ከሆነ ያ ሰው ቢለቅ ምስጠራውም ሰርቨሩም ትርጉም የለውም።

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
ልክ ነው፣ ይሄ ከሁሉም በፊት ይቅደም። ዲኤንኤሱን የያዘ ሰው በስማችን ሌላ ሰርተፍኬት ማውጣት ይችላል። የዶሜይኑ አካውንት በማኅበሩ ኢሜይል ይሁን፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራበት። የግል ቁልፉ (ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚሠራው ምስጢራዊ ፋይል) ደግሞ ከሰርቨሩ አይውጣ፣ በኢሜይልም በቴሌግራምም አይላክ። ቢጠፋ አዲስ ማውጣት ቀላል ነው፤ ሰው እጅ ከገባ ግን ሰርተፍኬቱን ማሰረዝ ግድ ነው።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ዶሜይኑ ወደ ማኅበሩ ስም ይዛወራል። የጉብኝት መዝገቡ ታይቶ ችግር ከሌለ በነፃ ሰርተፍኬት እንሠራለን፣ እድሳቱም ሪሎዱም አውቶማቲክ ይሆናል። ኤችኤስቲኤስ ከትንሽ ተነሥቶ ያድጋል። ለሰርተፍኬት በጀት አንይዝም፤ ለሰርቨሩ ኪራይና ለባክአፕ ግን እንይዛለን። ማስጠንቀቂያው ለሁለት ሰው ይደርሳል። አንዱ ከቴክኒክ ኮሚቴው ነው፣ ሁለተኛው ገና ክፍት ነው። ፈቃደኛ የሆነ ከሥር ይጻፍ፣ ካልተገኘ ሰብሳቢያችን ይመድቡልን።