የበጋው ጉዞ ዕቅድ፦ አንድ ቀን በፍሬሽዋተር፣ ልዑል ዓለማየሁ በነበረበት የባሕር ዳር መንደር

የማኅበሩ ጸሐፊ
ውድ አባላት፣ የዘንድሮው የቤተሰብ ጉዞ በእንግሊዝ ደቡብ ወዳለችው ዋይት ደሴት እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። አሁን የቀረው የት እንደምንውልና ምን እንደምንሠራ መወሰን ነው። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበው ሐሳብ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተብሏል። እኔ ያሰብኩት ጠዋት ኦስቦርን ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፍሬሽዋተር መንደር እንድንሄድ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በ1868 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው በኦስቦርን ስለሆነ ጉዞውን ከዚያ መጀመር ተገቢ መስሎ ታየኝ። እስቲ አስተያየታችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ
ሁለቱን በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም። ኦስቦርን ያለው በደሴቱ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ኢስት ካውስ አጠገብ ነው፤ ፍሬሽዋተር ደግሞ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ከለንደን እስከ ሊሚንግተን ወደብ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚያ እስከ ያርማውዝ በመርከብ 40 ደቂቃ ነው፤ አውቶቡሳችንም እዚያው መርከብ ላይ ተጭኖ ይሻገራል። ሕፃናትና አረጋውያን ይዘን ደሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስናቋርጥ ብንውል ቀኑ በመስኮት አይተነው ያልቃል። አንዱን እንምረጥ።

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት መምህርት
እኔ ፍሬሽዋተርን እመርጣለሁ። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አለኝ።

ዓለማየሁ እንግሊዝ ሲደርስ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ገና ሦስት ወር ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ መንገድ ላይ ዐርፈው ጨለቆት ተቀብረዋል። አስተማሪው አለቃ ዘነብ አብረውት ቢነሡም ከመንገድ እንዲመለሱ ተደረገ። ልጁ የተጠጋው ቀደም ሲል ቴዎድሮስን ያገለገለውን፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» የሚሉትን ረጅሙን የእንግሊዝ መኮንን ካፒቴን ስፒዲን ነው። ሌሊት እንኳ ከእርሱ ተለይቶ መተኛት ይፈራ ነበር። ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ስለነበር ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናግረው ሰው አላጣም።

ስፒዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያገባት ወጣት ቤተሰብ የሚኖረው ፍሬሽዋተር፣ አፍተን በሚባለው ስፍራ ነበር። ዓለማየሁም ወደዚያ መንደር መጣ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ፎቶግራፍ አንሺ ዲምቦላ በተባለው ቤቷ ትኖር ነበር፤ ሁላችንም የምናውቃቸውን የልጁን ፎቶግራፎች ያነሣችው እርሷ ናት። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ካሜሮን የዶሮ ቤቷን በመስታወት የተሠራ የፎቶ ክፍል፣ የከሰል ማከማቻዋን ደግሞ ፊልም ማጠቢያ ጨለማ ክፍል አድርጋው ነበር። በዚያ ዘመን «ፊልም» የሚባለው መስታወት ነው። መስታወቱ ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ ብር ናይትሬት በሚባል ኬሚካል ውስጥ ይነከራል፣ ሳይደርቅም ካሜራው ውስጥ ገብቶ ፎቶው መነሣት አለበት። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። እስቲ አስቡት፤ ወላጆቹን በተከታታይ ያጣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ በማያውቀው ሀገር፣ በማያውቃት ሴት ፊት፣ «አትነቃነቅ» ተብሎ ተቀምጧል። ፎቶውን ለተማሪዎቼ ባሳየኋቸው ቀን አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ «ለምን አይስቅም?» አለችኝ። ስለ መስታወቱና ስለ ኮሎዲዮኑ ነገርኳት። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ መስታወቱ እንዳልነበረ ገብቶኛል። ስለዚህ ልጆቹ ያንን ክፍል በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ነባር አባል
ልጄ፣ መምህርት፣ አንብቤዋለሁ። እኔ ይህን ጉዞ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ዊንዘርን ነበር። ልጁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ አጠገብ ሞቶ የተቀበረው ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ባለው የናስ ጽሑፍ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የወንጌል ቃል ተቀርጿል። በ2007 እ.ኤ.አ. ከሀገር ቤት ዐፅሙ ይመለስ ብለን ጠየቅን፣ አልሆነም። በ2023ም ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዐፅም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም አለ። በዚያው ዓመት ከስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ የተቀመጠች የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች፤ ያን ቀን እንባዬን መግታት አልቻልኩም ነበር።

ዊንዘርን በራሳችሁ ጊዜ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ሩቅ አይደለም። የመምህርቷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ተረዳሁ። እኛ የዚህን ልጅ ታሪክ ለልጆቻችን ሁልጊዜ ከመቃብሩ ጀምረን ነው የምንነግራቸው። ስለዚህ ድምፄን ለፍሬሽዋተር ሰጥቻለሁ። በባሕሩ ዳር አጭር ጸሎተ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን እንዲኖር ግን አደራ እላለሁ።

የወላጆች ተወካይ
ጋሼ፣ ጸሎቱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ አባት እጠይቃለሁ።

የቀኑን ነገር ላንሣ። ጸሐፊያችን ቀደም ሲል ሐምሌ 18 ብላ ነበር። ማግስቱ ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ማኅሌት የሚቆሙ አሉ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ለንደን ገብተው አይሆንላቸውም። ሐምሌ 11፣ ማለትም ጁላይ 18 ይሁን። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ መካከል ላይ ስለምንውል ምግቡም አያስቸግርም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ደረቅ ጥብስ እናዘጋጃለን። ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ይሂድ፤ ባሕር ዳር ከሰል አናቀጣጥልም።

ስለ ልጆቹ ደግሞ፣ ባሕሩ ዳር አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው። ጫማ ያስፈልጋል። ከአሥር ዓመት በታች ላሉት ለአራት ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ።

የወጣቶች ክፍል
ሁለት ሐሳብ አለን። የመጀመሪያው፣ ከያርማውዝ እስከ ፍሬሽዋተር በድሮው የባቡር መንገድ ላይ፣ ወንዙን ታክኮ የሚሄድ ለጥ ያለ የእግር መንገድ አለ። የሚችል በእግሩ ይሂድ፤ አረጋውያንና ሕፃናት በአውቶቡስ ይቅደሙን። መንደሩ ብዙ የሚታይ ነገር አለው። ቅድስት አግነስ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን በ1908 እ.ኤ.አ. የተሠራች ሆና ጣሪያዋ የሣር ክዳን ነው፤ ሀገር ቤት ያደጉት ወላጆቻችን ሲያዩዋት ምን እንደሚሰማቸው ለማየት ጓጉተናል። ባለቅኔው ቴኒሰን የኖረበት ፋሪንግፎርድም ቅርብ ነው። የታዋቂው ጊታር ተጫዋች የጂሚ ሄንድሪክስ ሐውልት ዲምቦላ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተጫወተበት ታላቅ የሙዚቃ በዓል የተካሄደው እዚያው አፍተን ሜዳ ላይ ነው። ይህን ለታናናሾቻችን የምናስረዳው እኛ እንሁን።

ሁለተኛው፣ ልጆቹ በየተራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለሦስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ። አንዳችን ሰዓት እንይዛለን፣ ሌላችን ጮክ ብለን ስለ ዓለማየሁ አንድ አንቀጽ በአማርኛ እናነባለን። ፎቶው ከሦስት ደቂቃው በኋላ ይነሣል። ሞክረነዋል፤ በጣም ረጅም ጊዜ ነው።

መምህርት
ይህ እኔ በክፍል ውስጥ ከማስተምረው ሁሉ ይበልጣል። አንቀጹን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። አንድ ልጨምር፤ ለሙዚየሙ ስንጽፍ ለጉብኝት ብቻ ባንጠይቅ። የዓለማየሁን ፎቶግራፍ የሚመለከት መግለጫ በአማርኛ ተርጉመን በነፃ እንስጣቸው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሐበሻ በቋንቋው ያንብበው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አመሰግናለሁ። ኦስቦርንን ለሌላ ዓመት አስቀምጬዋለሁ። የተስተካከለው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ማኅበራችን ቅዳሜ ሐምሌ 11 የእንግሊዝ መንግሥት እንግዳ የነበረው ልዑል ዓለማየሁ ወደ ኖረበት ፍሬሽዋተር መንደር የቤተሰብ ጉዞ ያደርጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከለንደን ተነሥተን፣ ከሊሚንግተን በመርከብ ወደ ያርማውዝ ተሻግረን፣ ከምሳ በፊት የዲምቦላን ሙዚየም እንጎበኛለን። ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ ልጆች የጻፉትን ያነባሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ማኅበሩ የሙዚየሙን መግለጫ በአማርኛ ተርጉሞ ለመስጠት ፈቃድ ይጠይቃል።»

ነባር አባል
ሁሉም መልካም ነው፤ አንድ ቃል ግን አልዋጥልህ አለኝ። «እንግዳ» የሚለው። እንግዳ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲበቃው ይሄዳል። የዊንዘሩ ጽሑፍ ያንን ቃል መረጠ፤ እኛ ግን በገዛ ወረቀታችን ላይ ልንደግመው አይገባም። «ምርኮኛ» ይባል።

ገንዘብ ያዥ
ጋሼ፣ ሐሳብዎን እረዳለሁ። ነገር ግን አባቱ ልጃቸው በእንግሊዞች ዘንድ እንዲያድግ ተመኝተው ነበር የሚል ቃል ከእቴጌይቱ እንደሰሙ እንግሊዞቹ ጽፈዋል። «ምርኮኛ» ብንል ሙዚየሙም ሌላውም በቃሉ ላይ ክርክር ያነሣብናል፤ ዋናው ነገር ወደ ጎን ይቀራል።

ነባር አባል
ያንን የጻፉት የወሰዱት ሰዎች ናቸው። ቢሆንስ? የሰባት ዓመት ልጅን ማን ጠየቀው?

መምህርት
ጋሼ፣ ከሁለቱም የሚሻል ቃል ልስጥ፤ «በሰባት ዓመቱ ከሀገሩ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ»። ሆነ የተባለውን ብቻ ይናገራል፤ ማንም ሊከራከርበት አይችልም። ተማሪዎቼም ያለ መዝገበ ቃላት ይረዱታል።

ነባር አባል
«የተወሰደው»። ይሁን። ይህን እፈርማለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ተስተካክሏል። ረቂቁን ዛሬ ማታ ለሥራ አስፈጻሚው እልካለሁ። ለሙዚየሙ የሚጻፈውን ደብዳቤ መምህርትና የወጣቶች ክፍል አብረው ያዘጋጁ፤ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓትም ደውለው ያረጋግጡ።

የወጣቶች ክፍል
ነገ እንደውላለን። አንድ የረሳነው ነገር ነበር፦ ዓለማየሁ ወደ መንደሩ በመጣበት ዘመን ባሕሩ ውስጥ ከቆሙት ነጭ ዐለቶች አንዱ እንደ በር ክፍት ነበር፤ አርች ሮክ ይሉታል። በ1992 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። አጠገቡ የነበረው ስታግ ሮክ ግን ዛሬም አለ። ልጆቹ ፎቶ የሚነሡት ያ ዐለት ከኋላቸው እንዲታይ አድርገን ቢሆን ደስ ይለናል።

ገንዘብ ያዥ
አውቶቡሱ 49 ወንበር አለው። እስካሁን 41 ሰው ተመዝግቧል፣ ካህኑን ጨምሮ። ቅድሚያ ክፍያ እስከ ሰኔ 20 ይግባልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ወንበር ከፊት፣ በመስኮት በኩል ይዤልዎታለሁ።