ሩዝ ላይ ቱ-ፎር-ዲ ረጭቼ ሣሩ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፣ ከፎገራ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሁለት ጥማድ ማሳ ላይ ሰኔ አጋማሽ በብተና የዘራሁት ሩዝ 40 ቀን ሊሞላው ነው። የአራሚ የቀን ክፍያ አልቀመስ ስላለኝ ከ15 ቀን በፊት ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን ፀረ-አረም ረጨሁ። ሰፋፊ ቅጠል ያለው አረም ተጠማዞ ደረቀ፤ ሩዙን የሚመስለው ሣር ግን ይባስ ተንሰራፋ። መጠኑን ጨምሬ ብደግመው ይጠፋልኝ ይሆን?

መልስ፣ ከአንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ እባክዎ አይድገሙት። ቱ-ፎር-ዲ የሚያጠፋው ሰፊ ቅጠል አረምንና በከፊል የእንግጫ ዘሮችን ነው፤ ሩዝ ራሱ የሣር ወገን በመሆኑ መድኃኒቱ ሩዙን የሚምርበት ምክንያት ሣሩንም ያስምረዋል። ተሻሚው ሲወገድለት ደግሞ ብርሃኑንም ማዳበሪያውንም ሣሩ ብቻውን አገኘ። ሩዙ ዘለላ መቋጠር ሲጀምር ቢረጩት ዘለላው ይበላሻል።

አስቀድመው ሣሩን ይለዩት። ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን ቦታ ገልጠው ይመልከቱ፤ ሩዝ እዚያ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን አለው፣ ሩዝ መሳዩ የእርጥብ መሬት ሣር ግን ባዶ ነው። ይህን ሣር በሩዝ ውስጥ የሚያጠፉ እንደ ቢስፓይሪባክ ሶዲየም ያሉ ፀረ-አረሞች አሉ፤ ሆኖም የሚሠሩት ሣሩ ከ2 እስከ 4 ቅጠል ሲኖረው ስለሆነ ዘንድሮ አልፎብዎታል። ለከርሞ ሲገዙ መለያው ላይ «ለሩዝ» የሚል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ለስንዴ የተሠራውን መድኃኒት፣ ሣር ስለሚገድል ብቻ፣ ወደ ሩዝ ማምጣት ሰብል ያስከፍላል።

መልስ፣ ከደራ፦
ባለሙያው ባሉት ላይ ልጨምር። ሽፋኑ ካለው፣ ያውም ረጅምና ሹል ከሆነ፣ ሥሩን ቆፍረው ይዩ፤ ከመሬት በታች ተጋድሞ የሚሄድ ግንድ ካገኙ የዱር ሩዝ ነው፤ እሱን ከሩዝ መርጦ የሚገድል መድኃኒት እኔ ጋ አልደረሰም። እኛ በበጋ ደጋግመን አርሰን ግንዱን ለፀሐይ እያወጣን ነው የቀነስነው።

ሌላው ጉዳይ ውኃ ነው። አረሙ በውኃ ተውጦ ሳለ የተረጨ መድኃኒት ቅጠሉን ስለማያገኘው ማሳውን አጠንፍፎ መርጨት፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ውኃውን መመለስ ይሻላል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለማይቀር ጤዛው እንደረገፈ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይርጩ። የጎረቤቴ ቱ-ፎር-ዲ በነፋስ መጥቶ የቃሪያ መደቤን ቅጠል እንደ ክር ጠቅልሎታል፤ አሁንም ሳየው ያናድደኛል።

የባለሙያው ተጨማሪ፦
ስለ መጠን፦ 10 በ10 ሜትር ለክተው መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ይርጩ። 2 ሊትር ከጨረሱ ለሄክታር 200 ሊትር፣ ለሁለት ጥማድዎ 100 ሊትር ያህል ማለት ነው፤ በመለያው ላይ ለሄክታር የተጻፈውን መድኃኒት ግማሹን በዚያ 100 ሊትር ውኃ ላይ ያካፍሉ። በቆርኪ መለካት ይቅር።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ከተለያየ ቦታ 10 ነቅዬ አየሁ፤ ሰባቱ ሽፋን የላቸውም፣ ሦስቱ አላቸው፣ የአንዱ ሥር ግን ክንድ ያህል ተጋድሞ ወጣ። ዘር ሳያፈራ በደቦ ልናርመው ለእሑድ ተነጋግረናል።