«ስምምነት ወረቀት ነው» የተባለው ነገር

ደጀን በር፦
ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ስለ ውጭ ንግድ እንዲያስረዳ የተጋበዘ ሰው «በሁለት አገሮች መካከል የሚፈረም ስምምነት ወረቀት ነው፤ ገበያ ካለ ንግዱ መንገዱን ራሱ ያገኛል» አለ። ማዳበሪያውን ከሰው አገር ወደብ የሚጠብቅ የጎጃም ገበሬ እየሰማው እንዲህ ይባላል? ከኤርትራ ጋር የሚያገናኘን የዛላምበሳ በር መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ጤፉም፣ የግንባታ ዕቃውም በየቀኑ ይሻገር ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ቁጥጥሩ መጣ፤ ከዚያ ተዘጋ። ገበያ ጠፍቶ ነው የተዘጋው?

ጮቄ ማዶ፦
ወረቀትስ መቼ ጠፋ? ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ ተፈረመ። መስከረም 6 ቀን 2011 ጅዳ ላይ እንደገና ተፈረመ። በሦስት ወር ሁለት ፊርማ! በሩን ግን አላቆየውም። ሰውየው ያለው እኮ ይኸንኑ ነው።

ትራንዚት፦
ወንድሜ ጮቄ፣ ሰነዱን አንብበው። የአስመራው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። የትራንስፖርት፣ የንግድና የመገናኛ ግንኙነት ይቀጥላል ይላል፤ እንዴት እንደሚቀጥል አይልም። አንድ ተሳቢ መኪና ጤፍ ጭኖ ድንበር ላይ ሲደርስ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ዕቃው በየትኛው ገንዘብ ተሸጠ? ክፍያው በየትኛው ባንክ በኩል ይመጣል? ቀረጡ ስንት ነው? ዕቃው የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚያረጋግጠውን የትውልድ ሰርተፍኬት ማን ሰጠ? የመኪናው ኢንሹራንስ ከድንበሩ ማዶ ይሠራል? አደጋ ቢደርስ የት ይከሰሳል? ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ የንግድና የጉምሩክ ፕሮቶኮል ለሕዝብ ሳይወጣ ነው በሩ የተከፈተው። ስለዚህ ነጋዴው በብር ሸጦ፣ በጥቁር ገበያ መንዝሮ ተመለሰ። መንግሥት በማይቆጣጠረው ምንዛሪ እህሉ ሲወጣ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። እዚህም እዚያም።

ጮቄ ማዶ፦
እሺ፣ ዝርዝር የነበረውን እንይ። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. የተፈረሙት ስምምነቶች ዝርዝር አልነበራቸውም? አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነጻ ወደብ ነበሩ። መገበያያው ብር ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ባድመ ላይ ተታኮስን። ወረቀት ነው ማለት ይኼ ነው።

ትራንዚት፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፤ ግን ዋናውን ዘለልከው። ያ ስምምነት ሁለቱ አገሮች በአንድ ገንዘብ እስከተገበያዩ ድረስ የሚሠራ ነበር። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ስታወጣስ ለሚለው የታሰረ ነገር አልነበረውም። በ1990 መጀመሪያ ላይ ናቅፋ ወጣ። አስመራ አንድ ለአንድ ይመንዘርና ሁለቱም ገንዘብ በሁለቱም አገር ይሥራ አለች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ የራሷን ኖት ቀየረች። ከዚያ በድንበር አካባቢ ከሚደረገው እስከ 2,000 ብር ከሚደርስ ጥቃቅን ንግድ በስተቀር ሁሉም በጠንካራ ምንዛሪ፣ በኤልሲ ይሁን ተባለ።

ኤልሲ ለማያውቀው ልንገር፤ ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ደብዳቤ ነው። ገዢው በባንኩ ኤልሲ ያስከፍታል፤ ለዚህ ዶላር ያስፈልገዋል። የሻጩ ባንክ ኤልሲው መድረሱን ያሳውቃል። ሻጩ ይጭናል፤ ከዚያ ኢንቮይስ፣ የጭነት ሰነድ፣ የትውልድ ሰርተፍኬት ያቀርባል። በሰነዱ ላይ ያለው ክብደት ወይም የገዢው ስም ኤልሲው ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ባንኩ «ዲስክሪፓንሲ» ብሎ ክፍያውን ይይዛል። ሃያ ኩንታል ጤፍ የሚሻገር ነጋዴ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? የላኪነት ፈቃድ እንኳ የለውም። ትልቁ ንግድ በጥቂት ሳምንት ቆመ፤ ኮንትሮባንዱ ደራ፤ ፍተሻው በረታ። ጦርነቱ የተጀመረው ከስድስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ደጀን በር፦
በቃ፣ ጋሼ ትራንዚት ጨረሱት።

ጮቄ ማዶ፦
ምኑን ጨረሱት? ጦርነቱ በኤልሲ ተነሣ ልትሉኝ ነው? ባድመ የድንበር ጉዳይ ነው። የሰላም ስምምነቱ በአልጀርስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የድንበር ኮሚሽኑም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ወሰነ። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ተብሎ አስቀድሞ ተፈርሟል። 16 ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ዋለ? አስገዳጅ የሚለው ቃል የተጻፈው ወረቀት ላይ ነው።

ትራንዚት፦
ጦርነቱን ኤልሲ አመጣው አላልኩም። ወሰኑ ሳይካለል የቆየው ተስማምተን ስለነበርን ነው። ገንዘቡ ሲለያይ ድንበሩ የጉምሩክ መስመር ሆነ፤ ፍተሻ ጣቢያ ሲተከል የትኛው ኮረብታ የማን ነው የሚለው የግድ ይነሣል።

ወንበርማ፦
ጠባችሁ ሰሜን ላይ ቀረ። እኔ ስለ ማዳበሪያው ልናገር፤ ገበያ መንገዱን ያገኛል የሚለው ውሸት እዚህ ይታያል። አሰብ ሲዘጋ አብዛኛው ጭነታችን በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። አንድ መርከብ 60,000 ቶን ማዳበሪያ ይዞ ቢመጣ፣ ወደብ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 1,500 ምልልስ ነው። መኪናው ከዘገየ መርከቡ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል፤ ሂሳቡ በዶላር ነው፤ መጨረሻ የሚያርፈው ኩንታሉ ዋጋ ላይ ነው።

በቆሎ ደግሞ አይጠብቅም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት። ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ውስጥ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተጨምሮ መሸፈን አለበት። አበባ ካወጣ በኋላ የደረሰ ዩሪያ ዘንጉን ያለመልም ይሆናል እንጂ ፍሬ አይሞላም። በምዕራብ ጎጃም የሁለት ሳምንት መዘግየት የኩንታል ልዩነት ነው። ያ መዘግየት ወደብ ላይ ነው የሚወለደው፤ የወደቡ ደንብና ታሪፍ ደግሞ በሁለት መንግሥታት ስምምነት ነው የሚቆመው።

ጮቄ ማዶ፦
እና ከጅቡቲ ጋር ስምምነት የለንም? አለን። ዲመሬጁ ቀረ? አልቀረም።

ወንበርማ፦
ባይኖርማ መርከቡ አራግፎም አይሄድ ነበር። አንተ የምታየው ቅሬታውን ብቻ ነው።

ሰከላ፦
ሁላችሁም ደጃችሁ ያለውን ዘላችሁት። የ1894ቱን የምኒልክንና የእንግሊዝን ውል የሚያነሣ ሁሉ ሦስተኛውን አንቀጽ ብቻ ነው የሚጠቅሰው፤ ዓባይን፣ ጣናን፣ ሶባትን የሚዘጋ ሥራ ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚለውን። አራተኛውን ማን ያነባል? በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ የፈቀደው እሱ ነው። ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም ይላል፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ነው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ፤ የምዕራቡ ቡና በጀልባ ወደ ካርቱም ወረደ። በ1956 እ.ኤ.አ. ሱዳን ነጻ ስትወጣ ዘመኑ አለቀ፤ ያለ ጥይት ተመለሰ። ልኩና ጊዜው የተጻፈ አንቀጽ እንዲህ ይዘጋል። ሦስተኛው ጊዜም መጠንም ስላልነበረው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል።

ጮቄ ማዶ፦
ሦስተኛው ምን አደረገ ታዲያ? ግድቡ ተሠራ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ ያላቆመ ወረቀት፣ ወረቀት እንጂ ምን ይባላል?

ሰከላ፦
አላቆመም፤ ግን ስንት አስከፈለ? ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲከፋፈሉ፣ 85 በመቶ ገደማውን የምታመነጨው አገር አልተጠራችም። በዚያ ውል አስዋንና ሮዛይረስ ተሠሩ። እኛ ግን አበዳሪ ስንጠይቅ፣ የዓለም ባንክ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ላለ ሥራ ለሌሎቹ ባለ ወንዝ አገሮች ማሳወቅ ግድ ነው ይላል። ካይሮ ስትቃወም ገንዘቡ ይቀራል። ለዚህ ነው ግድቡ በቦንድና በደሞዝ መዋጮ የተሠራው። የደብረ ማርቆስ መምህር ከደሞዙ ያዋጣው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ጮቄ ማዶ፦
ስለዚህ ጉልበትና ገንዘብ ወሰነ። ነጥቤን ደገፍክልኝ።

ደጀን በር፦
አልደገፈህም! ወረቀቱ ዋጋ ያስከፍላል ነው ያለህ። ለኬንያ የምንሸጠውን መብራት እይ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለ25 ዓመት ተብሎ ነው የተፈረመው። ዋጋው፣ መጠኑ፣ ዘመኑ ተቆርጧል። ስለሱ ድንበር ላይ ማን ተኮሰ?

ጮቄ ማዶ፦
ከኬንያ ጋር የይገባኛል ቦታ ስለሌለን ነው። ከሱዳንስ? በ1972 እ.ኤ.አ. በደብዳቤ ልውውጥ ስለ ድንበሩ ተስማምተን ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የሱዳን ጦር የድንበሩ እርሻ መሬት አልፋሽጋ ሲገባ ደብዳቤው ማንን አስጣለ? ሰሊጡን ዘርቶ ያላጨደውን ገበሬ ጠይቁት።

ትራንዚት፦
ያ የደብዳቤ ልውውጥ ያረሰው ገበሬ መፍትሔ እስኪገኝ ባለበት እንዲቆይ ይላል፤ ምልክት ተከላውም ሳይጠናቀቅ ነው የቀረው። እንደገና የጎደለውን ክፍል ነው የምታነሣው። ጉዳዩ ወረቀት መኖሩ ከሆነ እስማማለሁ፤ የምጠይቅህ ውስጡ ምን ተጻፈ ብዬ ነው።

ጮቄ ማዶ፦
እኔ ደግሞ የምጠይቅህ ሲጣስ ማን ያስከብረዋል ብዬ ነው። ይህን ሳትመልስ ኤልሲ አታስተምረኝ።

ወንበርማ፦
ስለ አስከባሪ ስትከራከሩ ዩሪያው ገና በጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ላይ ነው።