አስቸኳይ! ነገ የህንዶች ሰርግ አለ፣ በሙከራው እሳት አላርሙ ጮኸብን

የአዳራሹ ልጅ
ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ መልስ ስጡኝ። ቨርጂኒያ፣ የሆቴል አዳራሽ ነው የምሠራው። ነገ ጠዋት የሂንዱ ሰርግ አለ። ማንዳፕ የሚሉት ባለ አራት ምሰሶ ዳስ ተተክሎ አልቋል። አሁን ማታ የሙሽሪት አጎት በመዳብ ዕቃ ትንሽ እሳት ለሙከራ ሲያነድ 5 ደቂቃ ሳይሞላ አላርሙ ጮኸ፣ የሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ፓርኪንግ ወጣ። ማኔጀሩ "እሳት የሚባል የለም" ብሏል፣ ቤተሰቡ ደግሞ "ያለ እሳት ሰርግ የለም" ይላል። አላርሙን ከሩቅ የሚከታተለው ሞኒተሪንግ ካምፓኒ ጋ ደውዬ "ቴስት ላይ አድርጉት" ብያለሁ፣ ይበቃል? ወይስ የጭስ ዲቴክተሩን በላስቲክ ልሸፍነው?

ቡና አፍይ
ሃሃሃ፣ በከሰልና በዕጣን ስንቱን አፓርታማ ያስወጣነው እኛው ነን። አሁን ተራው የህንዶች ሆነ?

ሻወር ካፕ
በሻወር ካፕ ሸፍነው፣ አለቀ።

ሽቦ በጣሽ
እንዳትሸፍን! የተሸፈነ ዲቴክተር ይረሳል፣ ማታ ሌላ ቦታ እሳት ቢነሳ የሚጠየቀው ሸፋኙ ነው። "ቴስት" ማለት ደግሞ ጥሪው ወደ እሳት አደጋ አይሄድም ማለት ብቻ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ደወሉ እንደሆነ ይጮኻል። የሚያስፈልግህ የአላርም ካምፓኒው ቴክኒሻን ፓነሉ (የአላርሙ መቆጣጠሪያ ሳጥን) ላይ የዚያን ክፍል ዲቴክተር ብቻ ለጊዜው እንዲያጠፋልህ ነው። እሱም በፋየር ማርሻሉ፣ ማለትም በመንግሥት የእሳት ደህንነት ተቆጣጣሪው፣ ፈቃድ። ፋየር ዋች አቁሙ ይሏችኋል፣ ማለትም ሌላ ሥራ የሌለው፣ ማጥፊያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው። አስተናጋጁን ደርበህ እንዳታቆመው።
ኤሲው ቱቦ ውስጥ ያለውን ዲቴክተርም ጠይቅ። ጣሪያው ላይ ያለውን አጥፍተው ያኛውን ይረሱታል፤ ጭሱ ተስቦ ሲገባ አላርሙም ሊጮኽ፣ ኤሲውም ሊቆም ይችላል። ከጣሪያ ውሃ የሚረጨውን ስፕሪንክለር አትፍራው፣ በጭስ አይከፈትም። ቀዩ ብልቃጥ የሚፈነዳው 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፣ እሱም የጋለው አንዱ ብቻ። ጣሪያህ ስንት ጫማ ነው?

ተክለ ሃይማኖታዊ
እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክርስቲያን ሆኖ የጣዖት እሳት ማመቻቸት አግባብ ነው?

ቡና አፍይ
አባቴ፣ የተጠየቀው ስለ ዲቴክተር ነው።

ሜሪላንድ 7
ለምን በባትሪ ሻማ አይተኩትም? ሰርግ ያው ሰርግ ነው።

እቴጌ ድግስ
አይተካም። እሳቱ ጌጥ አይደለም፣ አግኒ ነው፣ የእሳት አምላካቸው፤ የጋብቻው ምስክር እሱ ነው። በህንድ የ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ እንኳ፣ ሰባቱ እርምጃ በሥርዓታቸው ላለ ጥንዶች፣ ጋብቻው የሚጸናው በእሳቱ ፊት ሰባተኛዋ እርምጃ ስትረገጥ ነው ይላል። ቨርጂኒያ ላይ ሕጋዊ የሚያደርጋቸው የጋብቻ ፈቃዱና ሥልጣን ያለው አጋቢ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን እሳት የሌለበት ቀን ሰርግ ሳይሆን ግብዣ ነው። ቢበዛ ፓንዲቱ (የሂንዱ ቄሱ) በአንዲት የቅቤ መብራት እሺ ሊል ይችላል። ያንን የሚወስነው እሱ እንጂ ማኔጀሩ አይደለም፣ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ታሪክ አዋቂ
ህንዶች አሜሪካ በብዛት የገቡት ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ፍላሺንግ ያለው የጋኔሽ ቤተ መቅደስ በ1977 ነው የተመረቀው። ከዚያ በፊት በየሳሎኑና በተከራዩት አዳራሽ ነበር...

ቡና አፍይ
ወንድሜ፣ እሳቱ ነገ ነው!

የአዳራሹ ልጅ
ጣሪያው 9 ጫማ ነው፣ ዲቴክተሩ ልክ ከማንዳፑ በላይ። ሰዓቱ 10፡15 ነው፣ አይገፋም አሉ፣ ኮከብ ተቆጥሮ የወጣ ነው።

ሻወር ካፕ
እኮ ሻወር ካፕ አልኩህ።

ሜሪላንድ 7
10፡15 በኛ ነው በፈረንጅ?

እቴጌ ድግስ
9 ጫማ ከሆነ ውስጥ ማንደዱን እርሳው። ሙሁርታ (በኮከብ የተመረጠው ሰዓት) ሰዓቱን እንጂ ቦታውን አያስርም። ግቢ ወይም በረንዳ ካለ፣ የእሳቱን ክፍል ብቻ ውጭ አድርጉት፣ ሌላው እንዳለ ውስጥ ይቀጥል። ውጭም ቢሆን ማርሻሉን ጠይቁ፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ አርቁት፣ ንፋስ ካለ ፍሙ በርሮ ይሄዳል። መሬቱ ላይ ጡብና ብረት ትሪ፣ ዕቃው ውስጥ ከታች አሸዋ። ከላይ ጨርቅ አይኑር።
ጭሱ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ ፓንዲቱንም በትህትና ንገረው። እርጥብ እንጨት አንድ። ጣት የሚያክል፣ በደንብ የደረቀ ጭራሮ ይሁን፣ ነበልባሉ ቀድሞ ከፍ ይበል። ነበልባል ሳይኖር ጊ (የነሱ ንጥር ቅቤ) ከፈሰሰ ነጭ ጭስ ነው የሚወጣው፤ በነበልባል ላይ በማንኪያ ከሆነ ግን ይነዳል። ካፉሩ (ቶሎ የሚቀጣጠለው ነጭ ሽታማ ፍሬ) ጥቁር ጥላሸት ስላለው ለማቀጣጠያ አንድ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ሳማግሪ የሚሉት የቅጠላ ቅጠልና የሥር ድብልቅ በእፍኝ ሲጣል እሳቱን ያፍነዋል፣ በቁንጥር ይሁን። የሙሽሪት ወንድም በእጇ የሚሞላላት የፈካ ሩዝም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ደረቅ ኮኮናት በቅቤ የሚጨምሩ ከሆነ ያኔ ነው ትልቁ ጭስ፣ እሱን አስቀድመህ ጠይቅ።
ሙሽሮቹ እሳቱን ሲዞሩ የሁለቱ ልብስ በቋጠሮ የታሰረ ነው። ዙሩ ለአንዳንዱ 4 ለአንዳንዱ 7 ነው። ሳሪው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሆነ እንደ ላስቲክ ይቀልጣል፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት መተላለፊያ ይኑር። ሲያልቅ ውሃ እንዳይደፋበት፣ የጋለ ቅቤ ላይ ውሃ ሲያርፍ ነበልባሉ ይዘላል። ፍሙ እስኪከስም ይተው፤ አመዱን ቤተሰቡ የሚወስደው ከሆነ በብረት ባልዲ ከክዳን ጋር ስጧቸው።

ምግብ ቤት
ጊው ቢጎድል የኛ ንጥር ቅቤ ይሆናል?

እቴጌ ድግስ
ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት አይሆንም፣ ቅመሙ ያርራል ይሸታልም። ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ የላም ቅቤ ካለሽ ግን ያው ነው።

ሽቦ በጣሽ
በረንዳውም ላይ ቢሆን በሩ ዝግ ይሁን፣ ጭሱ ወደ ኮሪደር ከገባ ያው ነው። ቴክኒሻኑ ሥራውን ሲጨርስ ዲቴክተሮቹን መልሶ ማብራቱን ፓነሉ ላይ በዓይንህ እይ።

ሜሪላንድ 7
እሺ፣ እንዴት ሆነ? በረንዳ ወጡ?

ምግብ ቤት
የአዳራሹ ኪራይ ስንት ነው? ለልጄ ክርስትና ፈልጌ ነበር፣ ከሰል ይፈቀዳል?