«ሌላው ወሬ ነው» ላለው ሰውዬ

የሄርማታ ልጅ፦ ትናንት መርካቶ ጀበና ቡና እየጠጣን አንድ ባለትዳር ሰው እንዲህ አለ፦ «የሴት የወሲብ ስሜት ሆርሞን ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። ሚስቴን መርፌ አስወጋታለሁ።» ሚስቱ ከወለደች አራት ወሯ ነው! ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቡና የምታፈላው ልጅ አንገቷን ደፋች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያናድደኝ አደረ።

አዋላጅ ነርስ፦ የምን መርፌ? የምታጠባ እናት ወተት የሚያመነጨው ሆርሞኗ፣ ፕሮላክቲን፣ ይጨምራል፤ የሴት ሆርሞኗ ኤስትሮጅን ይወርዳል። ብልቷ ይደርቃል፣ ግንኙነት ያማታል። በሽታ አይደለም። ማጥባቱ ሲቀንስ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

አጋሮ በር፦ እህቴ፣ አንቺው መሰከርሽለት እኮ። ሆርሞን ነው አልሽ። ምን አጠፋ ታዲያ?

አዋላጅ ነርስ፦ «ሌላው ወሬ ነው» ያለው ነው ጥፋቱ። ሮዝሜሪ ባሶን የምትባል የካናዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈችው አለ። ብዙ ሴቶች፣ በተለይ ትዳር ሲቆይ፣ ፍላጎታቸው ቀድሞ አይመጣም። መቀራረቡ ሲጀመር ነው የሚነሳው። ለመቀራረብ ደግሞ ሰውየውን ማመን አለባት። የሰጋ ሰውነት ይኮማተራል እንጂ አይፈታም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ከራሴ ልናገር። ባለቤቴ ዕዳ ገብቶ አንድ ዓመት ደበቀኝ። ከሰው ሰማሁ። አላረገዝኩም፣ አላጠባሁም፣ መርፌም አልወሰድኩም። ሰውነቴ ግን እምቢ አለ። ሲነካኝ ደነዘዝኩ። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ከነገረኝ በኋላም ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ይሄ ወሬ ነው?

አጋሮ በር፦ አይዞሽ እህቴ፣ ያንቺን ወሬ አላልኩም። ግን ታላቅ እህቴ ካረጠች ወዲህ ስሜቷ ጠፋ። ባሏን ከማንም በላይ ታምናለች። እምነት ከሆነ ነገሩ፣ እሷስ?

አዋላጅ ነርስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲያርጡ ኤስትሮጅን ይወርዳል። ድርቀቱ ካሳመማት ብልት ላይ የሚቀባ ኤስትሮጅን አለ፣ ሐኪም ያያት። እኔ ሆርሞን የለም አላልኩም። «ሌላው» የሚለውን አትጣሉት ነው ያልኩት።

አባ ጂረን፦ ልጆቼ፣ ይህ በአደባባይ የሚወራ አይደለም። ነውር ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ አባባ፣ ሰውዬው ቡና ላይ የሚስቱን ገበና ሲዘረግፍ ማን ነውር አለው? እኛ ስንመልስ ነው ነውሩ የሚመጣው?

አጋሮ በር፦ አሜሪካ ለሴት ፍላጎት ክኒን ፈቅደው የለ? በክኒን ከተስተካከለ ከእምነት ጋር ምን አገናኘው?

አዋላጅ ነርስ፦ ፍሊባንሰሪን ነው። ሁለት ጊዜ ውድቅ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቀደ። ሆርሞንም አይደለም ወንድሜ፣ የሚሠራው አንጎል ላይ ነው። ጥቅሙም መጠነኛ ነው።

አጋሮ በር፦ አሁንም ኬሚካል ነው።

ቦሳ፦ እኔም እዚያ ነበርኩ። «ሁሉም ነቀነቀ» ያልከው ይታረም። እኔ አልነቀነቅኩም።

የሄርማታ ልጅ፦ አልነቀነቅክም። ግን ምን አልከው?

ቦሳ፦ ሰው መሀል ምን ልበለው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ቡና የምታፈላዋ ልጅ እየሰማች አይደል? ለእሷ ስትል እንኳ አንድ ቃል መናገር ነበረብህ።