የቅሬያችን ግቢ አበባ፦ ለእሁዱ ስብሰባ የሚቀርብ ረቂቅ ሐሳብ

ጸሐፊዋ
ሰላም ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። በቅሬያችን (በዕድራችን) ዕቃ ቤት ግቢ ስለምንተክለው አበባ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ያሰብነው ካና ነው። ስሙ እንግዳ ቢሆንባችሁም አበባውን ታውቁታላችሁ። ያ ቅጠሉ ኮባ የሚመስለው፣ ቁመቱ ሰው የሚያህለው፣ ቀይና ቢጫ የሚያብበው ነው። እናቴ ደጃፍ ስለነበረ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።

ለምን ካና ካላችሁ፣ ቦታውን አስቡት። ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር ያ ሁሉ ድስት የሚታጠበው ቧንቧው ሥር ነው። ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛል፣ ይሸታል። ካና ደግሞ ውሃ ይወዳል። በሌሎች አገሮች የቤት እጣቢ ለማጣራት በጠጠር መደብ ላይ ይተክሉታል። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ መዝራት የለም፣ ከሥሩ ራሱ እየተስፋፋ ይሄዳል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከቧንቧው እስከ አጥሩ 12 ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ብንተክል 48 ያህል ሥር ይበቃናል። የተረፈውን ወርደን ቦርከና ወንዝ ዳር ብንተክለውስ? አፈሩን ይይዝልናል፣ መንገዱም ያምራል።

ኮምቦልቻ የምኖረው አባል
እታለም፣ የግቢውን ሐሳብ በጣም ወድጄዋለሁ። የቦርከናውን ግን አደራ ተዉት።

ቦርከና እናንተን፣ ደሴን አልፎ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ከእኛም አልፎ ጨፋ ረግረግ ይገባል። የክረምት ጎርፍ አንድ ጉማጅ ሥር ገንጥሎ ከወሰደ፣ ያ ጉማጅ ያረፈበት ጭቃ ላይ ይበቅላል። ዘሩም አለ። ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ካና ከወራሪ መጤ ተክሎች ጋር መዝግባ በሕግ ትቆጣጠረዋለች። ጨፋ ደግሞ የበጋ ግጦሽ ነው። ሣር ሲጠፋ የኦሮሞውም፣ የአፋሩም፣ የአርጎባውም ከብት የሚተርፈው እዚያ ነው።

የወፍ ቆሎን እዩት። እሱም ወደ ብዙ አገር የገባው ለአበባውና ለአጥር ተብሎ ነው። አሁን በእኛ ቆላ በኩል ግጦሹን ቁጥቋጦ አድርጎታል። ከብት ከበላው ይታመማል። ፍሬውን ወፍ እየለቀመ ሌላ ቦታ ይዘራዋል። እኔ ይህን በየቀኑ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ከላይ ሆነን የተከልነው ከታች ያለውን ሰው እንዳይጎዳ።

ወጣቱ አባል
ታዲያ የማይስፋፋ ነገር ብንመርጥ አይሻልም? ጽጌረዳ ለምሳሌ።

ችግኝ ጣቢያ የሠራሁት
ልጄ፣ ጽጌረዳ ውሃ በተኛበት ሥሯ ይበሰብሳል። ለዚያ ቦታ ካና ይሻላል። የኮምቦልቻዋ እህታችን ግን ልክ ብላለች፣ ወንዙ ዳር አይተከልም።

በግቢ ውስጥ መያዝ ይቻላል። የካና ሥር ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ጠልቆ አይወርድም። መደቡን ዙሪያውን ቆፍረን ያረጀ ቆርቆሮ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ክንድ ያህል እንቅበር። ጫፉ ከመሬት በላይ አራት ጣት ይቅር፣ አለበለዚያ በላዩ ይሻገራል።

ሥሩ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ጉማጅ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ይኑረው። ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ አፈር አራት ጣት ያህል ይልበሰው። ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ዝናቡ ሲይዝ። ፍግ በደንብ ስጡት፣ ሆዳም ተክል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የደሴ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው አትደንግጡ። ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። አበባው ያለቀ ግንድ ዘር ሳይዝ ከሥሩ ይቆረጥ። በሁለት በሦስት ዓመት ደግሞ ካልተነቀለና ካልተከፈለ እርስ በርሱ ተጨናንቆ አበባው ያንሳል። ያን ጊዜ የተነቀለው ሥር ቦይ ውስጥ አይጣል። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይምታው። ድርቅ ብሎ እስኪሰባበር ድረስ ማንም እንዳያነሳው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እማማ ከላይ ሰፈር
ዘሩን ሁሉንም አትቁረጡብኝ። ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። መቁጠሪያ ይሠራበታል፣ ሙስበሃም ይሆናል። ቅጠሉንስ ለድፎ ዳቦ ብንጠቀምበት?

ችግኝ ጣቢያ የሠራሁት
እማማ፣ ሰው አገር ምግብ ይጠቀልሉበታል። የሳሙናና የቅባት እጣቢ የጠጣውን ግን ለዳቦ አይንኩት። ለዘሩ እርስዎ ግቢ አንድ ሁለት ሥር በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ እተክልልዎታለሁ። ዘሩ መሬት ሳይወድቅ ይለቀማል።

የቅሬው ዳኛ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወንዙ ነገር ከረቂቁ ይውጣ። አንድ ልጨምር። ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በገለባ ይጠረግ፣ ትርፍራፊውም በወንፊት ይያዝ። ተክሉ ላይ ዘይት ከደፋንበት አፈሩ ይደፈናል። ይህን ለዕቃ አጣቢዎቹ ራሴ እነግራለሁ።

ጸሐፊዋ
ረቂቁን አስተካክያለሁ። የሚተከለው በዕቃ ቤቱ ግቢ ብቻ ነው፣ 12 ሜትር፣ ሁለት መስመር፣ ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ። ወንዝ ዳርም፣ ከአጥር ውጭ ባለው ቦይም አይተከልም። ከግቢው ሥር መውሰድ የሚፈልግ አባል በጸሐፊ ይመዘገባል፣ ቤቱም ከወንዝ የራቀ ይሁን። አበባ ቆራጭና ሥር ነቃይ በየዓመቱ በተራ ሁለት ሰው ይመደባል። የመጀመሪያው ዓመት እኔና ወጣቱ አባላችን ነን፣ እሱም እሺ ብሏል።

ያረጀ ቆርቆሮ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ። ስድስት ያህል ይጎድለናል። እህቴ ከኮምቦልቻ፣ እሁድ መምጣት ከቻልሽ የወንዙን ክፍል አንቺው ብታነቢው ደስ ይለኛል።

ኮምቦልቻ የምኖረው አባል
ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ሁለት ቆርቆሮ ከእኔ።